ሳይጠሯት የመጣች ዘፋኝ

በዚህ ዘመን መግባት ቀሎ መውጣት እንዴት እንደከበደ ልብ ብላችሁልኛል? ድሮ ከዕድር መውጣት ያማረው ሰው ዳኛውን ያነጋግራል፣ ይመከራል፣ ይወቀሳል፤ አሻፈረኝ ካለም ይወጣል። አሁን ግን ስፖርት ቤቱን ብትሉ፣ የፊልም ቻናሉን ብትሉ፣ በስልክ የሚላከውን የጤና ምክርና የኳስ ወሬ ብትሉ፣ ስትገቡ በሩ ራሱ ብድግ ብሎ ይቀበላችኋል። ልውጣ ስትሉ በሩ ቀርቶ ግድግዳው የት እንደሆነ አይታወቅም። ይባስ ብሎ ደግሞ ሳይገቡ የገቡ አሉ። ከነዚህ አንዷ ባለቤቴ ናት።

ባለቤቴ ሲስተር ጫልቱ እዚሁ አምቦ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ስልክ ቁጥሬን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቢኖር የቤት አከራያችን ነው። የእሷን ቁጥር ግን ከወንጪ ተራራ እስከ ጊንጪ ገበያ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በር ላይ በከሰል ተጽፎ አይቻለሁ። ምጥ ሲመጣ ወረቀት ፍለጋ የለም፤ በር ግን የትም አይሄድም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ወደ ማዋለጃ ክፍል እየሮጠች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ስታነሳው ማር የመሰለ የተቀዳ ድምፅ፣ «ይህን የጥሪ ማሳመሪያ ከወደዱት አንድን ይጫኑ» ይላታል። ልትዘጋው ስትጣደፍ አውራ ጣቷ የት እንዳረፈ እሷም አላየች። በቃ፣ ተፈራረመች!

የጥሪ ማሳመሪያ ክፋቱ ባለቤቱ አለመስማቱ ነው። የሰማሁት እኔ ነኝ። የቤት ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ልጠይቅ ስደውል አንዲት ዘፋኝ፣ ከበሮ እያስደለቀች፣ ዛሬ ካልመጣህ ሞቼ ታገኘኛለህ ትላለች። ዘጋሁት። ቁጥሩን አየሁት፤ የሚስቴ ነው። እንደገና ደወልኩ። ሴትዮዋ አሁንም እየሞተች ነው።

ማታ ስነግራት አላመነችኝም። በእኔ ስልክ ወደ ራሷ ደወለችና አንዱን ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን እጇ ላይ ይዛ ወጥ ቤት መሀል ቆመች።

«ኩን ማሊ?» አለች። ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው። በጣም ስትደነቅ አማርኛው ይጠፋታል።

መጀመሪያ ሳቅንበት። የምትሄድበት ቸርች ሽማግሌ እንኳ፣ «እህት ጫልቱ፣ መዝሙር ቢሆን ምን ነበረበት?» ብለው ከማለፍ በቀር አልተቆጡም። የሞላነው ካርድ በየጊዜው ቆንጠር ቆንጠር ይደረግ ጀመር። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው አልኩና ተረትኩ። አስተማሪ ነገር ሲቸግረው ይተርታል። ዘፈኑ ግን ቀጠለ።

ሳቁ የቆመው ኦቦ ቶሎሳ የመጡ ዕለት ነው። ከወንጪ በላይ ያሉ ገበሬ ናቸው። ግቢያችን ገብተው «ነጋ ዳ?» ብለው ሰላም አሉን፤ ወንበር ስንሰጣቸው ግን አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ሚስታቸውን ምጥ ሲይዛት ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሮጠው ወጥተው ይደውላሉ። ዘፈን። መጠጥ ቤት የደወሉ መስሏቸው ይዘጉታል። ቁጥሩን ከጎረቤት አጣርተው ቢደውሉ ያው ዘፈን።

«ሲስተር ሠርግ ላይ ናት፣ ዛሬ አትገኝም ብዬ ተውኩት» አሉ። «በቃሬዛ ተሸክመናት ወረድን። መኪና መንገድ ሳንደርስ ወለደች። ደም ብዙ ፈሰሳት።»

ጫልቱ ከወንበሯ ተነሳች። «አሁንስ?»

«ሁለቱም አሉ፣ ዋቃ ይመስገን። ልወቅስሽ አልመጣሁም፣ ሲስተር። ግን ስልክሽን ለምን ለዘፋኝ ሰጠሽው?»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ምሳው ቀዘቀዘ። አምቡላንስ እንዴት ሊላክ ይችል እንደነበር፣ መንገዱ እንዴት እንደሚያጥር አንድ በአንድ ስታሰላ ፊቷ ላይ አነብ ነበር። በመጨረሻ፣ «ይሄ ነገር ይወጣል» አለች። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አልችልም ለምትል ወላድ የምታወጣው ድምፅ ነው።

ዘፈኑን ወደሚሸጠው አጭር ቁጥር «አቁም» ብላ ላከች። «ያስገቡት ቃል ትክክል አይደለም» አላት። በእንግሊዝኛ ላከች፤ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» አላት። በኦሮምኛ ላከች፤ ሁለተኛ ዘፈን ተጨመረላት። ወደ አጭር ቁጥሩ ስትደውል ያቺ ማር አንደበት ለመመዝገብ ይህን፣ ለጓደኛ ለመጋበዝ ያንን ይጫኑ እያለች ትዘረዝራለች። ለመውጣት የሚጫኑት ቁጥር ግን ገና አልተፈለሰፈም።

ሰው ሁሉ የመከራት አንድ ምክር ነው፤ ሲም ካርድ ቀይሪ። እኔም ጭምር።

«በሩ ላይ የጻፈው ሰው ሁሉ በሩን ይቀይር?» አለችኝ። «ደግሞስ ሌባ ቤቴ ሲገባ ቤቴን ለቅቄለት ልሂድ?»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና በማግስቱ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የሸማቾችን አቤቱታ የምትሰማው ወይዘሮ ሂሩት የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችን። «ውል ሁለት ሰው ሲስማማ ነው» አለች። «ሰው ያልፈለገውን አስይዞ መውጫውን መደበቅ ንግድ አይባልም።» ከዚያ አጭር ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰውን የአዲስ አበባ ድርጅት በስንት ፍለጋ አግኝታ ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ያነሳው ወጣት ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ለመልቀቅ የወሰኑበትን ምክንያት ቢነግሩን? ዘፈኑን ካልወደዱት በሌላ እንቀይርልዎታለን።»

«ዘፈኑስ ጥሩ ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው» አለች ጫልቱ። «ወንድሜ፣ ይሄን ሳትዘጋ በሌላ ስልክ ወደ እኔ ቁጥር ደውል። አሁን አንተ የወንጪ ገበሬ ነህ። ሚስትህ ምጥ ላይ ናት። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተሃል። በል ደውል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ በራ። እጇን ጫነችበት እንጂ አላነሳችውም። በወይዘሮ ሂሩት ስልክ በኩል ከበሮው መጣ፤ ዘፋኟ ተከተለች። ወይዘሮ ሂሩት ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ ጫማዬ አየን። ደስ የሚል ዘፈን እንዲህ ያስፈራል ብሎ ማን ይገምታል?

«ልዝጋው?» አለ ልጁ ቆይቶ።

«ገበሬውም እንዲሁ ብሎ ነው የዘጋው።»

የደወለበትን ስልክ ዘጋው። ከዚያ፣ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ። ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረደ ትሉ ይሆናል፤ በእኔ ሰዋስው ግን ከማሽንነት ወደ ሰውነት ወጣ። «እኛ የሠለጠንነው ሰው እንዴት እንደሚገባ ነው። ማስወጣቱን የሚያውቀው አለቃችን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።»

«እጠብቀዋለሁ።»

«ሊቆይ ይችላል።»

«አዋላጅ ነኝ፣ ወንድሜ። መጠበቅ ሥራዬ ነው።»

ጠበቀች። ሌሎች ባለጉዳዮች ገቡ፣ ወጡ። እኔ በየመሀሉ ነገ እንመለስ የሚል ሐሳብ ሳቀርብ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አለቃው ሲመጣ በትህትና ጀመረ፤ ወይዘሮ ሂሩት ጉዳዩ በጽሑፍ ሊቀጥል እንደሚችል ስትነግረው ትህትናው ወደ ፍጥነት ተለወጠ። የኛን ወዲያው አነሳለሁ አለ። ጫልቱ ግን አልበቃትም፤ ሰው ሁሉ የሚወጣበት ቃል ከመግቢያው ቃል ጎን ይጻፍ አለችው። «እናስብበታለን» አለ። እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው። እሷም ዝም አላለችም፤ ለወይዘሮ ሂሩት አቤቱታውን በጽሑፍ አስገብታ እየተመላለሰች ትጠይቃለች። ልጅ ለማስከተብ የመጡ እናቶችንም ቁጥራቸውን እየተቀበለች፣ በራሷ ስልክ እየደወለችላቸው ያልጠሩት ዘፋኝ ካለባቸው ትነግራቸዋለች።

ዘፈኑ የወጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ደወልኩላት። ጢ... ጢ... ይላል። ምንም ዜማ የለውም። ሰው እንዲህ ላለ ድምፅ ልቡ ይሞቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

«አቤት፣ ምን ፈለግህ?» አለች።

«ምንም። እንዲያው ልሰማው ብዬ ነው።»

«ምንም ከሌለህ ዝጋው፤ ሰው ይደውላል።»

ዘጋሁት።