ክቡር ጋሼ ግፊት

ሰፈር ባለበት ሁሉ፣ ዕቃ አውሰኝ ሲሉት መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎም ምክር ሰጥቶ፣ በመጨረሻ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። መዶሻ የጠየቀ ስለ አውራ ጣት ይማራል። መሰላል የጠየቀ ስለ ወገብ ስብራት ሰምቶ፣ መውጣቱን ትቶት ይመለሳል። የእኛ ሰፈሩ አዛውንት ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። የእሳቸው ዕቃ ውሃን በኃይለኛ ግፊት እየረጨ የሚያጥብ ማሽን ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ጋሼ ግፊት ይላቸዋል። «ክቡር» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በሆዴ እንጂ ጮክ ብዬማ ብያቸው አላውቅም።

ማሽኑ ከጉልበቴ ከፍ አይልም። ቢጫ ነው፤ ሥራ ሲፈታ የግቢያችን ደረጃ ስር አሮጌ አንሶላ ለብሶ ይቀመጣል። ለእሳቸው ግን ነብር ያሰሩ ነው የሚመስላቸው። «ውሃ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት!» ይላሉ። ለጎረቤታችን ሾፌርም፣ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊም፣ አንድ ጊዜ ለድመቴም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ደጇን እንድታጥብበት ብትለምናቸው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ፣ መነጽርና ጓንት አድርገው ራሳቸው ከች አሉ። የመብራት ቆጣሪውን በላስቲክ ሸፈኑ። መስኮቷን አስዘጉ። የተሰጣውን ልብስ አስነሱ። ደንበኛዋን ሳይቀር አስነሱና ወደ ጓዳ አስገቡ። ደጇ መታጠብ ሲጀምር ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር።

ጎረቤታችን ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን ሊያጥብ በነጠላ ጫማ መጣ።

«ጋሼ፣ መኪና ላጥብ እንጂ ጦር ሜዳ ልዘምት ነው እንዴ?»

«ጦር ሜዳም በነጠላ ጫማ አይኬድም! ሂድ ቀይር። ከመኪናውም ራቅ ብለህ ርጭ፤ ከተጠጋህ ቀለሙን እንደ ድንች ልጣጭ ነው የሚልጠው።»

ከትምህርታቸው ሁሉ የሚወዱት ግን ስለ እጅ የሚሉትን ነው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ይህ ውሃ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳዋ የመርፌ ታህላለች፣ ደምም ላይኖራት ይችላል። ምንም አልሆንኩም ብሎ የተኛ ግን ጣቱን ያጣል። ቆሻሻው ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ገብቷላ! ቀጥታ ሆስፒታል ነው!» ብዙ ጊዜ ከመስማቴ የተነሳ ከእሳቸው እኩል በከንፈሬ እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሾፌሩ መኪናውን አጥቦ ጨረሰ። ጋሼ ግፊት ማሽኑን አጠፉ፣ ጓንታቸውን አወለቁ። ማሽኑ ሲጠፋ የውሃ ጎማው ውስጥ ታምቆ የቀረ ውሃ አለ፤ የመርጫውን ቃታ ስቦ እሱን ማስተንፈስ ግድ ነው። ይህንንም ለሰፈሩ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን ገና ሳያስተነፍሱት ሾፌሩ በወሬ መሃል ገባ።

«ጋሼ፣ ሙት ይበሉኝ፣ እውነት ይህቺ ውሃ ሰው ትበሳለች?»

ተናደዱ። «አትበሳም? አንዱ ቂል ይመጣና እንዲህ ጣቱን ይደቅናል፣» አሉና የግራ እጃቸውን ጣት መርጫው ጫፍ ላይ ደቀኑ፤ «ከዚያ ደግሞ እንዲህ...»

ቃታውን ሳቡት። «ጪስ» አለ፤ አንዴ ብቻ።

ሾፌሩ ጨርቁን እየጨመቀ ስለነበር አላየም። ጋሼ ግፊት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ትምህርቱን ቀጠሉ። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር። ጎማውን ሁልጊዜ ሕፃን እንደሚታቀፍ በሁለት እጃቸው ነበር የሚጠቀልሉት፤ ዛሬ ባንድ እጅ ሆነ። አንሶላውንም አጣመው አለበሱት። መርፌዬን አስቀምጬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምንም አልሆንኩም እትዬ። የመርፌ ታህል ናት።»

ዳቦ ቤት ወረፋዬን ሲወስዱብኝ እንኳ ዝም የምል ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን «ቀጥታ ሆስፒታል!» ብዬ ስጮህ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ይሰማል፣» አሉ በልመና።

«ይስማ! አንተ ሾፌር፣ መኪናህን አስነሳ!»

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ጣቱን ከፍታ አጠበችው። «ቢያድር ኖሮ ጣቱ አይተርፍም ነበር፣» አለች። ቀጥላም ሳቅ ብላ፣ «ውሃ ነው ብለው ናቁት አይደል?» አለቻቸው። ጋሼ ግፊት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ጣታቸው ተረፈ፤ አንደበታቸው ግን ተዘጋ። ከቤት መውጣት ቀረ። ሾፌሩ እየሳቀ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶት ነበር። አንዱ ጎረቤት መሰላሉን በርሜል ላይ አቁሞ ጣሪያ ሲወጣ ተው የሚለው ጠፋ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ሾርባ ባደርስላቸው፣ «ማሽኑን ልሸጠው ነው እትዬ፤ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሾርባዬን መጨረስ አቃተኝ። ለካ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለእኔ እንደ ምርኩዝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን ከደረጃው ስር ጎትቼ መስኮታቸው ፊት ለፊት አቆምኩት። ጎማውን ከቧንቧው ጋር አያያዝኩት፣ ቧንቧውን ግን አልከፈትኩም። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ላስነሳው ነው!» አልኩ፣ ማንም በሌለበት።

መጋረጃው ተወዛወዘ። በሩ ተበረገደ። ጋሼ ግፊት በሌሊት ልብሳቸው፣ በፋሻ የታሰረ ጣታቸውን እንደ ሻማ ቀጥ አድርገው ወጡ።

«ውሃ! መጀመሪያ ውሃ ነው የሚከፈተው! ፓምፑን በደረቁ ልታቃጥዪው ነው?» ከንዴታቸው ብዛት አንቱታውም ጠፍቷቸዋል። «ውሃው ገብቶ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቃል! ማጣሪያውስ ታይቷል? አልታየም! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ...»

በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሾፌሩም ወጥቶ ግድግዳ ተደገፈና ያዳምጥ ጀመር። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያልኩ ቆምኩ። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይሰካ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር።