ያላስመሰከረ ሙሽራ

ሰው ዶክተር ሲሆን ትምህርቱ ያበቃለት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ብፁዓን ናችሁ። የደብረ ታቦር ጎረቤቶቼም እንደ እናንተው ነበሩ። በዶክትሬት ስመረቅ በግ ያረዱልኝ ሰዎች፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ተቀበለኝ ስላቸው ዐይን ለዐይን ተያዩ። ደግሞ ሊማር? ወድቆ ይሆን እንዴ? እኔ እንኳ በዕውቀቴ የማልታማ ሰው ነኝ፤ በጉና ተራራ ግርጌ ገብሱን ስላቀጨጨው አሲዳማ አፈር ጠይቁኝና እስኪመሽ ላውራችሁ። ይህን ዕድል ግን ለሰው ማስረዳት አቃተኝ።

ጭንቁ ደግሞ በጥር ላገባ ነበር። እጮኛዬ ማስተዋል የገሳይ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉ የድጓ መምህር ናቸው። ለሽምግልና የላክኋቸውን ጋሽ አያሌውን “ዶክተር ነው” ብለው እዚያው ላይ እንዲያቆሙ ለመንኋቸው። ትምህርት ላልጨረሰ ሰው ማን ልጁን ይድራል?

የፈሩት ይደርሳል። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን እንዳቆሙ “ዶክተርነቱስ ይሁን፤ ያስመሰከረው የት ነው?” ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር ድጓ የዘለቀ ሁሉ መምህር አይባልም፤ ቤተልሔም ወደሚባለው የድጓ ደብር ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ ማስመስከር አለበት። ጋሽ አያሌው ውሸት አይሆንላቸውምና የባሕር ማዶውን ምርምር ሁሉንም ዘረገፉት።

መሪጌታ ደስ አላቸው። ጎረቤቶቼ ቀርቶ አንዳንድ ባልደረቦቼ እንኳ ያልገባቸው ነገር ለእሳቸው ባንድ አፍታ ገባቸው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸውና፣ እንግዲያው ሄዶ ያስመስክር፣ ልጄን ሲመለስ እድርለታለሁ አሉ። መረዳትም ጣጣ አለው። ማስተዋልን ትቼ ሁለት ዓመት መቀመጥ እንደማልችል እኔ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ገና እንደቆሙ ናቸው።

ይኼኔ የማስተዋል እናት ከጓዳ ብቅ አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

“አንቱ ቤተልሔም ሲያስመሰክሩ፣ ስንቅ ተሸክማ የተከተለችዎ ማን ነበረች?”

ጋሽ አያሌው እንደነገሩኝ መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት መሆኑን አገር ያውቀዋል።

ሠርጉ በጥር ነው፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። የማስተዋል እናት ከወዲሁ ለመንገዳችን በሶ እያስፈጩ ነው፤ ገብሱ እንደሆን ከዚያው ከጉና ግርጌ ነው። ባሕር ማዶ ምግብ ሞልቷል ብላቸው፣ ያለ ስንቅ ያስመሰከረ ሰው አላየሁም አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ገና ያላስመሰከርኩ ሰው ነኝ።