ሊቀ ጥብስ ከማለዲን

«እኔ አልበላም፤ አንዷን ብቻ» ብሎ የሰው ሳህን የሚያራቁት ወዳጅ የሌለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ተመድቦልናል። አስተናጋጇ ስትመጣ «ለእኔ ውሃ ይበቃኛል» ይላል። ድንች ጥብሱ ሲቀርብ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። ከዚያ ዳሯ ቀላ ያለችውን፣ ስትነከስ ኮሽ የምትለውን መርጦ ያነሳል። አንዷ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቷ አስር። ለባለቤቱ የሚተርፈው ዘይት ጠጥቶ የላሸቀው ነው።

ለእኔ የደረሰኝ ከማለዲን ነው። ሾላ ገበያ ጀርባ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተን ኖረናል። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የሰፈሩ ወጣቶች «ጋሽ ከማል» ይሉታል። እኔ ስናደድ «ሊቀ ጥብስ» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምናደድ ስለሆነ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል።

ማዕረጉን ያገኘው ለፍቶ ነው። ይህ ሰው አገሩን የሚያውቀው በድንች ነው። ደብረ ብርሃን ሲባል ብርዱ ትዝ አይለውም፤ «እዛ ቀቅለው በአዋዜ ነው የሚሰጡህ» ይላል። ደሴን ብትጠሩለት የምትጠብሰዋን ሴትዮ ስም ይነግራችኋል። ድሬዳዋ ደርሶ አያውቅም፤ ግን እዚያ ድንቹ ላይ ምን እንደሚጨመርበት ሊከራከራችሁ ዝግጁ ነው። እውነቱን ይሁን ውሸቱን የሚያጣራ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ስለ አዲስ አበባው እርጥብ ከተነሳማ አለቀልን። ድንች ጥብሱን ዳቦ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው፣ ካቻፕ የሚያፈሱበትን ይህን ጉድ «ዋና ከተማ የሆንነው በእሱ ነው» ይላል። ሲናገር አይስቅም።

ጨጓራዬ ታሞ ዘይት እስካቆምኩበት ጊዜ ድረስ ሳህኔ የእሱ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ የማርያምወርቅ፣ ጥብስ የሚባል ነገር ከለከለችኝ። አሁን እገላገለዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ዘዴ ቀየረ። «ለወንዴ አንድ» ብሎ በስሜ ማዘዝ ጀመረ። ለወንዴ የታዘዘው ድንች ወንዴ ጋ ደርሶ አያውቅም። ልጄ የተመረቀች ቀን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በሚያልፈው ትሪ ሁሉ «ጨው ልይለት፤ ወንደሰን ጨው ይጎዳዋል» እያለ ሲቀምስ ዋለ። እንግዳ ፊት ሰው አይሰደብም ብዬ ጥርሴን ነክሼ አሳለፍኩት።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የጾሙ ነገር ነው። ከማለዲን ሙስሊም ነው፤ ሰላቱን አያጓድልም። የእኔን ጾም ግን ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ በጾም ቀን የድንች መጥበሻ በየመንገዱ ይበዛላ! ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ያንኳኳል።

«ወንዴ፣ ቅዳሴ ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«እንግዲያው ተነስ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ እንቁላል የለበት። የጾም ምግብ ሰው አይጎዳም።»

«አንተን በጾሜ ምን አገባህ?»

«ጎረቤትህ አይደለሁም እንዴ? ብቻህን ልትጾም ነው?»

አንድ ዓመት የነቢያት ጾም መግባቱን እኔ ረስቼ እሱ ነው ያስታወሰኝ። በረመዳን ሳምቡሳ፣ በሁዳዴ ድንች። ከሁለቱም ጾም ያስተረፍከው መጥበሻውን ነው ብዬ ስጮህበት «አላህ ይቅር ይበልህ» ብሎ ማኘኩን ይቀጥላል።

ባለፈው ዓመት ደረቱን ወጋው። ሐኪሙ ባለቤቱ ሀፊዛና እኔ ባለንበት በግልጽ ነገረው። «የልብዎ ደም ስር ጠቧል። ዘይትና ጨው ይተዉ፣ በእግርዎ ይሂዱ። አለበለዚያ ቀጣዩ ሕመም አያስነሳዎትም።» ከክፍሉ እንደወጣን ከማለዲን ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ሰማህ? በእግርህ ሂድ አለኝ» አለ። የቀረውን አልሰማም።

ሀፊዛ ግን ሁሉንም ሰምታለች። የዚያኑ ቀን ቤታችን መጣች። አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ወንደሰን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዘይት እኔ ደብቄዋለሁ» አለችኝ። «ውጭውን ለርስዎ ሰጥቻለሁ።»

«አደራሽን እወጣለሁ» አልኳት። በእግዜር ስም ነው ያልኩት።

በሳምንት ሁለት ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት እንድንሄድ ተወሰነ። ቀኖቹን የመረጠው እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ። ለምን እነዚህን እንደመረጠ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሲወጣ ብታዩት ታለቅሱለት ነበር። በየባሕር ዛፉ ይደገፋል። «ወንዴ፣ ኑዛዜዬን ስማ» ይላል። ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ትንፋሹን በየተራ ይከሳል። ስንመለስ በሽተኛው ይድናል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ቀድሞ፣ እኔን ከኋላ ጥሎ ይወርዳል። ታች ኩርባው ላይ ፈትለወርቅ አለቻ! ፈትለወርቅ በሰማያዊ ጃንጥላ ሥር፣ ከሰል ምድጃ ላይ ሰፊ መጥበሻ ጥዳ ድንች የምትጠብስ፣ አንደበቷ ትሁት፣ ዘይቷ ጥቁር የሆነ ሴት ናት።

«ፈትለወርቅ፣ ይህን ዘይት መቼ ነው የቀየርሽው?»

«ጠዋት ነው ጋሼ።»

«የየትኛው ቀን ጠዋት?»

«አንተ ደግሞ ሰው አታስጨንቅ!» ይላል ከማለዲን መሃል ገብቶ። «ለወንዴ አንድ አድርጊለት።»

ድንቹ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይበላል።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ቀንስ አለኝ።»

«ተው ነው ያለህ!»

«ይኸው ዳቦውን ተውኩ አይደል? ደግሞስ ድንች አትክልት ነው።»

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በመጀመሪያው ሳምንት ሀፊዛ በር ላይ እጁን አሽታ ያዘችው። በሚቀጥለው ረቡዕ ድንቹን እንደጨረሰ መዳፉን እያገላበጠ ያያል። ያ ሁሉ አገር የነዳ ሰው ሚስቱን ፈርቶ ሱሪው ላይ እጁን ሲጠርግ አንጀቴን በላኝ። ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀንጥሼ ሰጠሁት። «በዚህ እሸው፤ ሽታውን ያጠፋዋል» አልኩት። አጠፋው። ሀፊዛ እጁን አሽታ «ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ዛሬስ ጫፍ ድረስ ወጥታችኋል» ብላ ፊቷ በራ። እኔ ቆሜ አየኋት፤ ምንም አላልኩም። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ቅጠል አቀባይ ሆንኩ። አፌ ይቆጣል፣ እጄ ይቀነጥሳል።

በሁዳዴ አንድ ዓርብ፣ ወረቀቱን እንደያዘ ፈትለወርቅ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ቀልዱን ነው ብዬ «ተነስ አንተ ሊቀ ጥብስ፣ እዚህ አትሙትብኝ» አልኩት። አልመለሰልኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰድቤው ሳይመልስልኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ፈትለወርቅ መጥበሻዋን ጥላ መንገዱ መሃል ገብታ መኪና ባታስቆም ኖሮ እኔ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ሀፊዛ ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው እጁን አንስታ ማሽተት ነው። የዚያን ዕለት ቅጠሉ አልደረሰም። እጁን ቀስ ብላ አልጋው ላይ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ወንደሰን፣ ውጭውን ለርስዎ ሰጥቼዎት ነበር እኮ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ቅጠሉ ነገርኳት፤ መጀመሪያ የሰጠሁትን ቀን፣ በር ላይ ቆሜ ዝም ያልኩትን ሁሉ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። በእሱ፣ በዚያ ጥቁር ዘይት፣ በየመንገዱ መጥበሻ የሚጥደውን በማይቆጣጠረው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ቅጠል በሚቀነጥስ እጄ ተናደድኩ። ይህ ሰው ቢሞት ረቡዕ አጥሬን ማን ያንኳኳል? ጾም መግባቱን ማን ይነግረኛል? ማንን እሰድባለሁ?

አልሞተም። አስራ አንድ ቀን ተኝቶ ወጣ። ድንቹንም ተወው። ሙልጭ አድርጎ፣ አንዷንም ሳያስቀር ተወው።

ሀፊዛ ለአንድ ወር ሰላምታ ነፈገችኝ። ከዚያ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «ዓርብ ይዘውት ይወጣሉ?» አለችኝ። ይቅርታዋ ይኸው ነበር። እንደገና መውጣት ጀመርን። ዳገቱ ላይ መናዘዝ ቀረ። ሲወርድም አይሮጥም። ኩርባው ጋ ስንደርስ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ያልፋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይህም አናደደኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም በል ያልኩት ሰው ዝም ሲል ያስጠላል።

ባለፈው ረቡዕ ኩርባው ላይ ቆመ።

«ፈትለወርቅ፣ ለወንዴ አንድ አድርጊለት።»

ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁ። «ሀፊዛ ጋ ልደውል ወይስ ትሄዳለህ?»

«ደውል። ላንተ ነው ያዘዝኩት።»

«ስታታልለኝ የኖርከው ‹ለወንዴ› እያልክ አይደል!»

«አሁን እውነቴን ነው» አለ። «እኔ ለሀፊዛ ምያለሁ፤ አልነካም። አንተ ብላና ንገረኝ።»

ድንጋዩ ላይ፣ ያኔ የወደቀበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ፈትለወርቅ ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ትኩስ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩና ዳሯ ቀላ ያለችውን አንስቼ ነከስኩ። አራት ዓመት የራቅኩት ነገር ጣፈጠኝ። ይህንን ልነግረው አልፈለግሁም።

«እህስ?»

«ምንም አይልም። ዘይቱ አርጅቷል፣ ጨውም ጎድሎታል።»

«ኧረ ጋሼ!» አለች ፈትለወርቅ። «እሳቸው ከታመሙ ጀምሮ በየቀኑ ነው የምቀይረው!»

ከማለዲን ዓይኑን ጨፍኗል። «ውሸታም» አለኝ። «ኮሽ ስትል ሰምቻለሁ። ድገም፤ አሁን ቀስ ብለህ።»

ደገምኩ። ጨጓራዬ እየነደደ፣ በእሱ እየተናደድኩ፣ ይቺ ዳሯ ደርቋል፣ ይቺ መሃሏ ለስልሷል፣ ይቺ ሚጥሚጣ በዝቶባታል እያልኩ አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱ «እ... እ...» እያለ ያዳምጣል። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሚጥሚጣው ነው አልኩት። እሱም ሚጥሚጣው ነው አለ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ቀረች። «አንዷን ብቻ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ የስድብ ቃሌንም አዘጋጀሁ። እሱ ግን ተነሳ። ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀንጥሶ መጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ጨርሳትና በደንብ እሸው» አለኝ። «የማርያምወርቅ አፍንጫ ከሀፊዛ አይተናነስም።»