የግራው ስፖኪዮና ደግ ፊት ያለው ነጋዴ

ሰው በግ ሲገዛ ይጠነቀቃል። እኔ ራሴ ለበዓል ጎጆ ከተማ ገበያ ወጥቼ በግ ስገዛ ብታዩኝ ታከብሩኛላችሁ። ወገቡን እጨብጣለሁ፣ ላቱን በመዳፌ እመዝናለሁ፣ አፉን ፈልቅቄ ጥርሱን አያለሁ። ከዚያ «ይሄማ ከሲታ ነው» ብዬ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። በጉ ራሱ ታክቶት ያዛጋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስልክ በእጄ ስይዝ ወዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ለማታውቁኝ፣ አምቦ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየዓመቱ የብርሃን ምዕራፍ ላይ ስደርስ አንዲት የእጅ መስታወት ይዤ ክፍል እገባና «ልጆች፣ መስታወት ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ያያችሁትን ሁሉ አትመኑ» እላለሁ። ምክሩ ጥሩ ነው። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ሳይጠቀሙበት አልቀሩም።

ከፊዚክስ ሌላ አንዲት አሮጊት ቶዮታ አለችኝ። በእሷ የተነሳ ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ። የአማቴ የኦቦ ነገሪ የወንድም ልጅ፣ ገመቹ፣ ጎጆ ከተማ አንዲት ልጅ ወደደና ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ አማቴ፣ ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ፣ ሦስተኛው እኔ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሽምግልናው ዓለም ገና ጡት አልጣልኩም። ታዲያ ለምን የተመረጥኩ ይመስላችኋል? ለአንደበቴ? አማቴ ነገሩን አልሸፋፈኑትም፤ መኪናህን ይዘህ ትመጣለህ፣ እዚያ ስንደርስ ዝም ትላለህ አሉኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ለአንድም ቁም ነገር ፈልገውኝ አያውቁም። ሌሎቹ አማቾቻቸው ሲጠሩ እኔ ቤት ሆኜ ፈተና አርማለሁ። ይህችን አንድ ዕድል ማበላሸት አልፈለግኩም፤ የምሬን ነው።

ሁለት ሳምንት ሲቀረን ጉደር ገበያ ዳር መኪናዬን አቁሜ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከሰል የጫነች አህያ የግራውን ስፖኪዮ፣ ሹፌር ኋላውን የሚያይበትን የጎን መስታወት፣ ገንጥላው አለፈች። ባለቤቷን ልከራከር ብሞክር ሴትዮዋ፣ አህያዋ በዚህ መንገድ ስትመላለስ ዓመታት መሆኑን፣ እኔ ግን ዛሬ መጥቼ የቆምኩባት መሆኔን አስረዳችኝ። የተሰበሰበው ሰው ለአህያዋ ፈረደ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ያለ ግራ ስፖኪዮ ከከተማ መውጫው ላይ የሚቆመውን ትራፊክ ማለፍ አይታሰብም። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው ወደ መለዋወጫ ነጋዴው አቶ ሁንዴ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ለአንተ መኪና የሚሆን አሁን የለኝም። ሐሙስ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ በእጄ ይዤ፣ አይቼ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ሐሙስ! እኔ በዚህ ዘመን ሐሙስን የምጠብቅ ሰው እመስላለሁ? ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ እያወዛወዝኩ «አቶ ሁንዴ፣ ገበያው ሁሉ እኮ እዚህ ውስጥ ገብቷል» አልኩት። ስልኬን አየ፣ እኔን አየና «ጋሪዳ» አለ። በኦሮምኛ «ጥሩ ነው» ማለት ነው፤ አባባሉ ግን ጥሩ አልነበረም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የማፍሰሱን ሥራ የጀመርኩት በዚያው ዕለት ነው። የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት አንድ ቻናል ላይ የምፈልገውን ጻፍኩ። ሻጩ ወዲያው መለሰልኝ፤ የጠራኝም «ቤተሰብ» ብሎ ነው። አማቴ በአሥራ ስምንት ዓመት ያላሉኝን እሱ በሁለት ደቂቃ አለኝ። ከዚያም አቻውን እንዲፈልግልኝ ያልተሰበረውን የቀኙን ስፖኪዮ በደንብ ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ጠየቀኝ።

በደንብ ካሉኝማ! ስፖኪዮውን ፈታሁት። በሳሙና አጠብኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ከዚያ ባለቤቴ ጫልቱ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በመስኮቱ ብርሃን በኩል አስቀምጬ አነሳሁት። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይነሳም። ላክሁለት።

በሦስተኛው ቀን «ቤተሰብ፣ ተገኘ! ኦሪጅናል!» የሚል መልእክት ከነፎቶው መጣ። እንዴት ያለ ስፖኪዮ መሰላችሁ። የግራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከእኔ የቀኝ ስፖኪዮ ጋር መንታ ነው። ጫልቱን ጠርቼ ባሳያት «የተቀመጠበት ዳንቴል የኔን ይመስላል» አለች። እኔ ስለ መኪና ዕቃ አወራለሁ፣ እሷ ስለ ዳንቴል! «ዳንቴል ሁሉ ያው ነው» አልኳት። ይህን ቃል አንድ ክረምት ሙሉ ተጎንብሳ ለሠራችው ሴት መናገር ምን እንደሚያስከትል ያገባ ያውቀዋል። ሁለት ቀን ያለ ወሬ ዋልን፤ ፎቶውንም ዳግመኛ አላየችልኝም።

እኔ ግን ዝም ብዬ የምገዛ ሰው አይደለሁም። ፎቶውን በሁለት ጣቴ አጎላሁት። ስፖኪዮው መስታወት አይደል? መስታወቱ ውስጥ ፎቶውን የሚያነሳው ነጋዴ ራሱ ይታያል! ምስሉ ባቄላ ቢያክል ነው፤ የስልኬ ስክሪንም ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ ነው። ቢሆንም ይታያል። ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ፤ ከአፍንጫው በታች የያዘው ስልክ ሸፍኖታል። ረጅም ጊዜ መረመርኩት። ደግ ፊት ነው። የደከመው፣ ሰው ለማታለል ጉልበት የሌለው ፊት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሞኝነትም አየሁበት። እንዲህ ያለ ሰውዬ ላጭበርብር ቢል እንኳ አይሆንለትም ብዬ ደመደምኩ።

ለአማቴ ደወልኩ። «አባባ፣ ስፖኪዮው ተገኝቷል። ነጋዴውንም ፊቱን አይቼዋለሁ፤ የታመነ ሰው ነው» አልኳቸው። «ፊቱን አይተህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ሙሉውን ክፍያ ላክሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀብድ ብቻ ይልክ ነበር፤ እኔ ግን ያን ፊት መጠራጠር ነውር መሰለኝ።

ዕቃው ቅዳሜ፣ ሽምግልናው ነገ ሊሆን፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰልኝ። ካርቶኑን ከፈትኩ። ጋዜጣ። ከጋዜጣው ሥር ሌላ ጋዜጣ። ከዚያ ሥር የባጃጅ መስታወት፣ ያውም ያገለገለ። ብደውል ስልኩ አይሠራም፤ ቻናሉም አስወጥቶኛል። ቤተሰብነቴ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቀረ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ቢባልም፣ እኔ ገና ሳልቀመጥበት ነው የወደቅኩት። አቶ ሁንዴ ጋ ሮጥኩ። ሐሙስ አዲስ አበባ ገብቶ ተመልሷል፤ ለእኔ ግን አልያዘም። ገበያው ስልኬ ውስጥ እንደገባ ነግሬው የለ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማቴ ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። መኪናው ከሌለ እኔም እንደማልፈለግ ገብቶኛል። አማቴ የባጃጁን መስታወት አገላብጠው አዩትና «ሁለት ሽማግሌ አይሄድም። ና፣ ቁጥር ትሞላለህ» አሉኝ። በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በማዳበሪያና በባዶ የድንች ጆንያ መካከል ተጣበቁ። እኔ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ይልቅ የአማቴ ዝምታ ነበር የሚያንገጫግጨኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ «እስቲ ያንን ፊቱን ያየኸውን ሰውዬ አሳየኝ» አሉኝ። ፎቶውን አጉልቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በመጨረሻ «ኢሳ ከነ ነን ቤካ» አሉ። አውቀዋለሁ ማለታቸው ነው።

ከሞተሩ ላይ ብድግ አልኩ። ሌባው ተገኘ! የት እንደሚኖር ጠየቅኳቸው፤ አምቦ ነው አሉ። ሥራውንስ? አስተማሪ ነው አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። ቤቱን ያውቁት እንደሆነ ብጠይቃቸው «እንዴት አላውቀው፣ ልጄን የዳርኩት ለእሱ አይደለም እንዴ? ሹራቡንም ለገና የገዛሁለት እኔ ነኝ» አሉ።

ሚኒባሱ በሳቅ ሊገለበጥ ደረሰ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። የጫልቱ ዳንቴል። የሳሎናችን መስኮት። ሰውዬው የላክሁለትን የራሴን ፎቶ በአንዲት ጠቅታ ገልብጦ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ፣ ለእኔው ሸጦልኛል። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ራሴን ለምን እንዳላወቅኩትም ፊዚክስ ያስረዳል። በየማለዳው ስላጭ የማየው ሰውዬ የተገለበጠው ነው። ሌባው ፎቶውን ሲገለብጠው ሰውዬው ተቃንቶ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ ሆነ። ያንን ሰውዬ እኔ ከዚያ በፊት አግኝቼው አላውቅም። አሁን ሳየው ግን ሞኝነቱ ትንሽ አልነበረም።

ጎጆ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እንደ ደንቡ ቁጭ በሉ ተባልን፣ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አማቴ አሳምረው ተናገሩ፤ የልጅቷ አባት ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ፊታቸውን እንደቋጠሩ ሰሟቸው። እኔ በልቤ፣ ነገሩ ከተበላሸ የእኔ ገድ ነው እያልኩ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ ሰውዬው፣ ልጁን በአካል እንደማያውቁት፣ ልጃቸው ግን በስልክ ፎቶውን እንዳሳየቻቸውና ፊቱ ደግ እንደሚመስል ተናገሩ።

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሜ፣ ፊት አይተው አይስጡ። ልጁን እናመጣዋለን፤ ያነጋግሩት፣ ይጠይቁት። እኔ አንዴ ፊት አይቼ ሰጥቻለሁ» አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ከዚያ ከአህያዋ ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ተረኩት። የቤቱ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የልጅቷ አባት በቡሉኳቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ አሉን፤ ከልጁ ጋር የምንመለስበትንም ቀጠሮ በሳምንቱ አደረጉልን። ዝም በል የተባልኩት ሽማግሌ፣ ዝም እንዳልኩ ነገሩን አሳካሁት።

ልንወጣ ስንል የልጅቷ አባት አማቴን በሹክሹክታ፣ እኔ ግን በሚሰማኝ ድምፅ፣ ፊት አይተው በመስጠታቸው ይጸጸቱ እንደሆነ ጠየቋቸው። አማቴ ጎጆ ገበያ ላይ በግ እንደሚያይ ሰው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ከትከሻዬ ላይ የጆንያ አቧራ አራገፉልኝና «ምን ይደረጋል፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሉ።