ማሩ ወደ ጋራዥ እንዳይወርድ የተደረገ ሽምግልና

የተማረ ሰው ክብሩ ከወንበሩ ነው። የወንበሩ አንድ እግር ተሰብሮ በጡብ ቢደገፍ እንኳ ክብሩ አይነቃነቅም። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ታላቅ እውነት ያልተረዳ ሰው ቢኖር ማሩ ብቻ ነበር።

ማሩ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነው፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ላይ ነው። ከገሳይ የምትመጣ አይሱዙ ገና ዳገቱን ስትጀምር ድምፅዋን ሰምቶ «የፊት ግራ ኩሽኔታዋ አልቋል» ይላል፤ አይስትም። የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ቆማ ሣር ከበቀለባት ሦስት ዓመት ሆኗታል። በግማሽ ቀን ያስነሣት ነበር፤ «ከሥራ መደብህ ጋር አይጣጣምም» ስለተባለ ግን በየሩብ ዓመቱ በሪፖርት ይጠግናታል።

ባለ ጋራዡ ሙሉቀን አንድ ቀን ቁርጡን ነገረው።

«እስከ ሰኞ እጠብቅሃለሁ። መጣህ፣ አብረን እንሠራለን። ቀረህ፣ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ማሩ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጻፈ። እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ዲግሪ ተሸክሞ መኪና ሥር ሊጋደም! ቀጥቃጭ ሊያስብለኝ!» እውነታቸውን ነው፤ ጋፋት ላይ መድፍ ተሠራ ብሎ በየስብሰባው የሚኮራ አገር፣ ብረት ለሚነካ ሰው ልጁን አይድርም። ኩራቱ ለመድፉ እንጂ ለሠሪው አይደለማ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማሩ የንስሐ አባት ቄስ መልካሙ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በኮንትራት ሚኒባስ መጡ። እንደ ደንቡም በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ።»

«ቃልህን ሳትሰጠን አንቀመጥም።»

«የምን ቃል?»

«ከወንበርህ ላትነሣ!»

«አባ፣ እኔ እኮ መኪና እወዳለሁ...»

«እኔስ ጠላ እወድ የለም?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ታዲያ ጠማቂ ሆንሁ?»

ሃያ ደቂቃ ቆሙ። የባለ ጠላው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉልበቱ እየራደ ከቆመ ሽማግሌ ጋር የሚከራከር ሰው በዚህ አገር ገና አልተወለደም። ማሩ መስቀል ተሳልሞ ቃሉን ሰጠ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ መረቁ።

ሲወጡ ሚኒባሷ አልነሣ አለች። ሾፌሩ ቢለምናትም ቢሰድባትም ወይ ፍንክች።

«ማሩ፣ እስቲ እያት» አሉ ቄስ መልካሙ።

«ሰንበት አይደል እንዴ አባ?»

«ሥራ ቢሆንማ እገዝትህ ነበር። ይኼ ምኑ ሥራ ነው?»

ማሩ እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሯ ገባ። የሞተሪኖዋ ሽቦ ላልቶ ኖሯል። አጠበቀው፤ ሚኒባሷ አጓራች። ወይዘሮ ብዙነሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጎረቤት ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«አይ እጅ! አይ እጅ!» አሉ ቄስ መልካሙ፣ መስቀላቸውን በግራሶ የጠቆረው ግንባሩ ላይ እያሳረፉ።

የማሩ ልብ ዘለለች። ከቃሉ ሊፈቱት መሰለው።

«አየህ ልጄ? እንዲህ ያለው እጅ መካኒክ ሆኖ ባክኖ ሊቀር ነበር፤ ፈጣሪ በእኛ በኩል አዳነው!»

«አሜን!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ማሩ ባስነሣት ሚኒባስ ውስጥ እየተደላደሉ።