በርበሬው የማን ወገን ነው?

እናንተ፣ ሰሞኑን የወተት ካርቶን አልመከራችሁም? እኔን ጠዋት ጠዋት ይመክረኛል። ወተቴን ስቀዳ ስለ ዓለም ጉዳይ አቋሙን ይነግረኛል። የጥርስ ሳሙናዬም አቋም አለው። ስደውልለት ሙዚቃ እያሰማ የሚያስጠብቀኝ ባንኬ እንኳ፣ ስለ ፍትሕ ሲሆን አፉ አይያዝም። ኦስሎ ውስጥ ዝም ያለ ዕቃ ጠፋ እኮ!

እኔ የአውቶብስ ሹፌር ነኝ። በቀደም አለቃችን ሰበሰበችንና፣ እንደ ድርጅት ዝም ማለት አንችልም አለችን። ጉዳዩ ኖርዌጆቹን ራሳቸውን ያባላ ጉዳይ ነው። የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እናንተም ትባሉና ጨዋታዬን ታበላሹብኛላችሁ። ብቻ መግለጫው ወጣ፣ አውቶብሶቹ ላይም ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ሹፌር ከግማሹ ጋር ላለመቀመጥ ምሳውን ኮሪደር ላይ ቆሞ ይበላል። አንዱ ተሳፋሪ ሲሰድበኝ፣ ቀጥለው የገቡት አሮጊት እጄን ጨብጠው ጎበዝ አሉኝ። ወይ ጣጣ! እኔ የምነዳው አውቶብሱን ነው እንጂ መግለጫውን መቼ ነዳሁ?

ድርጅት አቋም ይያዝ ወይስ ዝም ይበል? በፊት ብትጠይቁኝ ፈጣን መልስ ነበረኝ። ዝም ይበል፣ ሥራውን ይሥራ እል ነበር። አሁን ግን ጋሽ ሰይድ ትዝ ይለኝና አፌ ይያዛል።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር፣ ከቲባነው፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ወረድ ብሎ ሱቅ አለው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ የፀጉር ቅባት ይሸጣል። በሕግ ከሆነ እሱም እኮ ድርጅት ነው። መግለጫ የሚያወጣ ክፍል ግን የለውም። ያለችው ሚስቱ ዘሃራ ናት፤ እሷም መግለጫ የምታወጣው በሱ ላይ ብቻ ነው።

የሱቁ ትልቅ ነገር በሩ ነው። ከመካከላችን አገር ቤት ሰው የሞተበት ሲኖር፣ ማስታወቂያው የሚለጠፈው እዚያ መስታወት በር ላይ፣ በውጭ በኩል ነው። ሙስሊም ክርስቲያን፣ የእንትን አገር ሰው ብሎ ነገር የለም። ጋሽ ሰይድ አንድ ዓይነት ወረቀት አሳትሟል፦ የሟች ስም፣ ያረፉበት ቦታ፣ ለቅሶው ያለበት ቤት። ሦስቱን ሞልቶ ይለጥፋል። ትልቁን ድስትና ታጣፊ ወንበሮቹን ያውሳል። እናቴ የሞተችብኝ ጊዜ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች እኔ ቤት፣ ላምበርትሴተር ድረስ ዳቦ ይዘው መጡልኝ። በሩን አንብበው ነው። ያን ቀን እንዴት እንዳለቀስኩ! ሰው ሲኖር እኮ ለቅሶም ይወጣል።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት ተነሣ። ወዲያው አንዱ የወገኑን ፖስተር ይዞ መጣና በሩ ላይ ይለጠፍ አለ። ጋሽ ሰይድ፣ ወላሂ እኔ በርበሬ ነው የምሸጠው ብሎ መለሰው። ብዙም ሳይቆይ የወዲያኛው ወገን ሰው የራሱን ይዞ መጣ። እሱንም መለሰው። ሁለቱም፣ ዝምታም አቋም ነው ብለው ጮኹበት። ያን ዓመት ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነገር ይሄ ብቻ ይመስለኛል። አንዷማ በርበሬው ከየት በኩል እንደመጣ ጠየቀችና፣ መልሱን ስትሰማ የያዘችውን ቁጭ አድርጋ ወጣች። በርበሬ ወገን አለው እንዴ?

ገበያው ሲቀዘቅዝ ዘሃራ፣ ሰላም ለሁሉም ብለህ ጻፍና ገላግለን አለችው። ጻፈ። ጭራሽ ባሰ! እንዲህ ባለ ሰዓት ሰላም የሚለው ማን እንደሆነ እናውቃለን አሉት፣ ሁለቱም። በማግስቱ አነሣው።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሽሮ ልገዛ ጎራ አልኩ። ሁሌ ሲያየኝ፣ ሹፌሩ ዛሬ ማንን ጥለህ መጣህ ብሎ የሚቀልድብኝ ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ። ዓይኑ ደም መስሏል። ዘሃራ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ነገረችኝ። ታናሽ ወንድሙ መሐመድ ጦርነቱ ውስጥ ተገድሏል። መርዶው ከመጣ ሰንብቷል። ሱቁን አልዘጋም፣ ለማንም አልተናገረም።

ተናደድኩ። ምነው ጋሽ ሰይድ፣ የሰውን ሁሉ ለቅሶ ስትለጥፍ ኖረህ የራስህን ትደብቃለህ? አልኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «የት እንደሞተ ከጻፍኩ፣ ማን እንደገደለው ጻፍኩ ማለት ነው። ሰይድ አቋም ያዘ ይሉኛል። ግማሹ ሊያለቅስ ይመጣል፣ ግማሹ ደግሞ እሰይ ይላል። በመሐመድ እሰይ ሲባል ከምሰማ ዝም ብዬ ሽሮ ብመዝን ይሻለኛል።»

አንጀቴን በላው። ቦታውን ተወው፣ ስሙን ብቻ ጻፍ አልኩት። ብዙ ለመንኩት። በመጨረሻ ወረቀቱን አወጣ። ስሙን ሞላ፣ የቤቱን አድራሻ ሞላ፣ መሀሉን ክፍት ተወና ለጠፈ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግተን ቤቱ ወንበሮቹን ዘረጋን። ዘሃራ ትልቁን ድስት ጣደች። ማን መጣ? ከመስጊድ ሁለት አዛውንት መጡ። ከላይኛው ፎቅ ኖርዌጅያዊት ጎረቤቱ አበባ ይዛ መጣች። ሌላ የለም። እኔ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጎኔ ያለው ላይ ኮቴን ደረብኩ፣ ትንሽ ሰው ያለ እንዲመስል። ጎረቤትየዋ የት ሞተ አላለችም። ምን ዓይነት ሰው ነበር አለችው። ጋሽ ሰይድ፣ ሳቂታ ነበር፣ ከሳቀ ማቆም አይችልም ነበር አለና ያን ጊዜ ገነፈለ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ድስቱ እንደሞላ ቀረ።

ለካ ሰዉ ማስታወቂያውን አይቶታል። በነጋታው ሱቁን ልንከፍት ስንሄድ ወረቀቱ በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ መሀሉ ግን ተሞልቷል። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአንድ ከተማ ስም ጽፏል፤ እዚያ ከሞተ ገዳዮቹ እነዚያ ናቸው። ሌላው በጥቁር ሰርዞ የሌላ ከተማ ስም ጽፏል፤ እዚያ ከሞተ ደግሞ ገዳዮቹ እነዚህ ናቸው። አንብበዋል። እስክሪብቶም ይዘው ነበር። ለቅሶው ያለበት ቤት ግን እታች፣ በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር።

ጋሽ ሰይድ መነጽሩን አወጣ። ሰማያዊውን አነበበ፣ ጥቁሩን አነበበ። ከዚያ ቁልፉን እየፈለገ፣

«አንድ ወንድም ነበረኝ» አለኝ፤ «ሁለት ቦታ ገደሉብኝ።»