ክፉውን አፈር የሚመርጥ እንግዳ

እንግዳ ሆኖ መጥቶ የቤታችሁን ምርጥ ነገር «አልፈልግም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቡታጅራ ላይ ገጥሞኛል።

ሰውየው የአፈር ተመራማሪ ነው። ከጋራዥ ባትሪና ከተቃጠለ ዘይት የሚወጣ መርዛማ ብረት እርሻችን ውስጥ መግባት አለመግባቱን ያጣራል። ታዲያ አካፋ አይነካም! የአካፋው ብረት ምርመራውን ያበላሽብኛል ብሎ በፕላስቲክ ማንኪያ ይቆፍራል። የተማረ ሰው እርሻ መሀል ተንበርክኮ አፈር በማንኪያ ሲጨልፍ ያየ እንዴት አይስቅ? እኔም ሳቅኩ።

ሰውየው ጎረቤቴን ሐጂን «አፈር ልወስድ ነው የመጣሁት» ሲላቸው፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብለው ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ፍግ የጠገበውን ጥቁር አፈር በጆንያ ሞልተው አቀረቡለት። ጠጠሩን እንኳ ለቅመውለታል።

«ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምፈልገው ግን ጎመንዎ የተተከለበትን፣ ከጎን ካለው ጋራዥ የሚወጣው ፍሳሽ የሚያልፍበትን ነው።»

«እሱማ ቆሻሻ ነው ልጄ፤ ለሰው አይሰጥም።»

«አፈሩ ለሰው ካልተሰጠ፣ ጎመኑ ለማን ይሰጣል?»

ሐጂ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

ስንቱ ጥናት ብሎ ቅጽ አስሞልቶን ሄዶ በዚያው ቀርቷል! ይሄ ግን ከወራት በኋላ ውጤቱን ይዞ መጣ። «ጎመኑ አይበላ» አለ። ሐጂ ጎመኑን በሙሉ ነቀሉና ያንን የጓሮ አፈር እንደገና በጆንያ አመጡ።

«ይሄኛው ለምርመራ አይደለም። ቤትህ ወስደህ ጎመን ትከልበት።»

አሁን እምቢ አላለም። እኔም፣ በማንኪያው የሳቅኩት ሰው፣ ሐጂ የሚሰጡኝን ያንን ጎመን ስንት ዓመት እንደበላሁ እያሰብኩ ጆንያውን እስከ ባጃጁ ተሸከምኩለት።